ሰው አክባሪ ልጆች

ድርቤና ዋቅወያ ሲፋቱ ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ትልልቅ ልጆች ለአባት ሰጡ። የአራት ወሩ ደረሳ ግን ጡት እስኪጥል ከእናቱ ጋር እንዲቆይ ተስማሙ።

ቅዳሜ ድርቤ ከነቀምት ገበያ ስትመለስ፣ ሕፃኑን እንዳዘለች ልጆቿን ለማየት ወደ አባታቸው መንደር ጨለለቂ ጎራ አለች። ቀለሟና ጆቴ ሲያዩዋት ከመቀመጫቸው ተነሱ። ድሮ «ሃርሜ»፣ እናቴ፣ እያሉ ቀሚሷ ላይ ይጠመጠሙ ነበር። አሁን ቀለሟ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠቻት።

«አከም ጅርቱ፣ አዴ ድርቤ? ይቀመጡ እንጂ።»

አዴ ለጎረቤት፣ መንገድ ላይ ለተገናኘች ለማንኛዋም ባለትዳር ሴት የሚባል ነው። እናት አዴ አትባልም።

«እናትሽ እኮ ነኝ፣ ቀለሟ።»

«እሺ፣ አዴ ድርቤ» አለ ጆቴ በእህቱ ፈንታ።

ዋቅወያ የጓዳውን በር ተደግፎ ያያቸዋል። «ምን አስከፋሽ? አልሰደቡሽም። ሰው ማክበር ነው ያስተማርኳቸው።» ጀርባዋ ላይ ወዳለው ሕፃን ተመለከተ። «እሱስ ጡት አልጣለም?»

«ጥርስ እንኳ መቼ አወጣና» አለች ድርቤ፤ አንቀልባውን አጥብቃ ወጣች።

ከመንደሩ ስትርቅ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ደረሳን አውርዳ ታጠባው ጀመር። ጥቂት እንደጠባ ተወው። አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገና ቀና ብሎ አያት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አዴ ድርቤ» አላት። «በቃኝ።»