የመርሻ እጅ

መርሻን ከክፍሉ ጠርተው ወሰዱት፤ ወዲያው ከእስር ቤቱ ጀርባ ተኩስ ተሰማ። ለቤተሰቡ የነገረ የለም። ሚስቱ አሁንም ስንቁን በስሙ ታመጣለች። መርሻ ለእናቱ የጀመረው ክብ የሹራብ ቆብ መደቡ ላይ ቀርቷል።

የክፍሉ ሽማግሌ ከቀርከሃ የተሳሉትን መርፌዎች ከመርሻ አጠገብ ይተኛ ለነበረው እስረኛ ሰጡት።

"ሲሠራ ታየው የነበርከው አንተ ነህ። ጨርስና በባዶው ሳህን ለሚስቱ ላክላት። ሞቱን አውቃ በር ላይ እሪ ካለች እሷንም ያስገቧታል።"

እስረኛው ሥራውን ጀመረ። ክሩ ሲላላበት ይፈታዋል፤ ሲጠብቅበትም ይፈታዋል። መርሻ የቆቡን አናት እንዴት እንደሚዘጋ ግን እስረኛው ልብ ብሎ አያውቅም። እንደመሰለው ዘጋና ላከው።

በማግስቱ የስንቁ ሳህን ሲከፈት ቆቡ ከእንጀራው ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። እስረኛው እሪታውን ለመስማት ጆሮውን ወደ በሩ አቀና፤ ውጭ ጸጥ ብሏል።

ቆቡን ሲዘረጋው አናቱ ተፈቶ በሌላ አሠራር ተዘግቷል። ከሥሩ አንድ ድቡልቡል አዲስ ክር አለ።

ስንቅ አቀባዩ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ነገረው።

"ሚስቱ፣ 'እሱ እንዲህ ነበር የሚዘጋው፤ የሚቀጥለውንም እንዲህ ዝጉልኝ' ብላለች። 'እናቱ ዓይናቸው አያይም፤ የልጃቸውን እጅ የሚያውቁት በዳበሳ ነው።'"