የዶክ ታኬት ፊርማ

አዲሱ ክሊኒክ ስም ሳይኖረው የሚቆየው እስከ ዓርብ ነው። ዓርብ ኮሚቴው ይሰበሰብና ወይ ሰዉ ሁሉ ዶክተርን አሳጥሮ «ዶክ» በሚለው በሟቹ ሐኪም በኦርቫል ታኬት፣ ወይ መሬቱን በሰጠው የድንጋይ ከሰል ኩባንያ ይሰይመዋል።

የትንሿ የሌረል ፎርክ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናዲን ኮምብስ የትኛውን እንደምትፈልግ ታውቃለች። ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው። ስትወለድ በእግሯ ነበር የመጣችው። አዋላጇ ተስፋ ቆርጣ እጇን ስትታጠብ ዶክ ታኬት ከነሚስቱ በበቅሎ ወንዙን ተሻግሮ ደረሰ። እናቷ በየልደቷ ቀን ትደግምላት ነበር፦ «ሚስቱ መብራት ይዛ ገባች፤ አባትሽ ደጅ ላይ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ሲል ዶክ ደገፈው፤ ከዚያ አንቺ አለቀስሽ።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ቨርጂል ስቲድሃም አብሯት ተምሯል። አሁን የኩባንያው ጠበቃ ነው፤ ያም ሆኖ ገለልተኛ ነኝ ይላል።

«አንዲት ወረቀት አምጪልኝ» አላት። «ሐኪም ነው የምትል አንዲት ወረቀት። ከዚያ እጄን የማወጣው እኔ ነኝ መጀመሪያ።»

«አንተን ከኩፍኝ ያዳነህ ማን ሆነና ነው?»

«አያቴም በቅጠል ታድን ነበር። ክሊኒኩን በሷ ልሰይመው?»

ናዲን ለሰባት የሕክምና ኮሌጆች ጻፈች። ሰባቱም በትሕትና መለሱ፤ ኦርቫል ታኬት የሚባል ሰው አስተምረው አያውቁም። የወረዳው የሐኪሞች መዝገብ ደግሞ በጎርፉ ዓመት ከፍርድ ቤቱ ምድር ቤት ጋር ሄዷል። የቀራት የመንግሥት ማይክሮፊልም ነው፤ በፊልም ጥቅል የተቀረጸ የሕዝብ ቆጠራ፣ የጋብቻና የውትድርና ምዝገባ።

በ1910 ቆጠራ ዶክ ታኬት እንጨት ቆራጮች ሰፈር ውስጥ ተገኘ። ሃያ ስድስት ዓመት፤ ያላገባ፤ ሥራው በቅሎ ነጂ። ማንበብ፦ አይችልም። መጻፍ፦ አይችልም።

ሰው በስምንት ዓመት ብዙ ይማራል ብላ ራሷን አጽናናች፤ የ1918ቱን የውትድርና ካርድም አወጣች። ሥራ በሚለው ላይ «ሐኪም» ተብሏል። ፊርማ በሚለው ላይ መስቀል ተሠርቷል። ከጎኑ መዝጋቢው በራሱ እጅ «የእሱ ምልክት ነው» ብሎ መስክሯል።

የ1920ው ቆጠራም ከዚህ ጥርጣሬ አላስመለጣትም። ባል ሐኪም፤ ሚስት አይዴላ፣ ሥራ የላትም፤ ልጅ አንድ።

ናዲን የእናቷን መጽሐፍ ቅዱስ ከፍታ በመሐሉ የተቀመጡትን የዶክ መድኃኒት ማዘዣዎች አየች። ጽሕፈቱ ልቅም ያለ ነው፤ የሐኪሞቹ ላቲንም አልቀረም። መስቀል እየሠራ የሚፈርም ሰው ይህን አልጻፈም። ወይ የአንድ የሞተ ሐኪም ወረቀት ሰርቋል፣ ወይ ሌላ የከፋ ነገር አለ።

የዶክ ልጅ ሆባርት ታኬት ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው። በረንዳው ላይ ፎሶሊያ እየቀነጠበ አገኘችው።

«ሚስተር ሆባርት፣ አባትዎ የት ነው የተማሩት?»

«አባቴ? በቅሎ ያውቃል። እንደሱ በቅሎ የሚያውቅ ሰው እዚህ አገር አልተፈጠረም።»

«ሕክምናውንስ?»

«በሽተኛ ሲጠራው ይሄዳል። በረዶም ይሁን ጎርፍ ከእናቴ ጋር ነው የሚወጡት። እናቴ ሞተች፣ በሳምንቱ የመድኃኒት ሻንጣውን ዘጋው። ኀዘኑ ከብዶት ነው አሉ ሰዎች።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔ ምንም አልልም። ምንም እንዳልል ሁለቱም አስምለውኛል።» አንድ እፍኝ ፎሶሊያ ሳህኑ ላይ ጣለ። «አንቺ ልጅ፣ አባቴን ተዪው። እሱን ቆፍረሽ ደህና ነገር አታገኚም።»

ናዲን መኪናዋ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለዶክ አልነበረም። እናቷ ዕድሜ ልኳን ለአንድ አጭበርባሪ ስትጸልይ ኖራለች፤ እሷም ይችን ዓለም ያየችው በአንድ በቅሎ ነጂ ድፍረት ነው ማለት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ቨርጂል ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጣ። ኮቱን እንኳ አላወለቀም።

«እሺ?»

«ይኸው» አለች ናዲን። ኮሚቴው ስለ ዶክ ታሪክ እንድትሞላ በሰጣት ቅጽ ላይ «ሐኪም ለመሆኑ ማስረጃ አልተገኘም» ብላ ጽፋለች።

«አይዞሽ። ቢያንስ አጥብቀሽ ፈልገሻል።» እጁን ሲዘረጋ ቅጹን ወደ ራሷ መለሰችው።

«አልጨረስኩም። የሚስት ዘር የሚለው ባዶ ነው።»

«ማን ያነበዋል?»

«እኔ ባዶ ቦታ ያለበት ቅጽ አላስረክብም።»

ይህን ቦታ እስካሁን የዘለለችው ደንታ ቢስ ሆና አልነበረም። የውትድርና ካርድ ሴት አይመዘግብም፤ የሌረል ፎርክ ሰውም ዘር የሚቆጥረው በአባት ነው፤ ሚስት ከየት መጣች ብሎ የሚጠይቅ የለም። የጋብቻው መዝገብ ግን የአባቷን ስምና ከተማዋን ይዟል። የከርን ልጅ ናት፤ ከኦሃዮዋ ከተማ ከሲንሲናቲ።

የ1910ን የኦሃዮ ቆጠራ የፊልም ጥቅል ማንበቢያ መሣሪያው ላይ አጠለቀችና እጀታውን ታዞር ጀመር። ቨርጂል ሰዓቱን አየ።

«ምን ያስቸኩልሃል? ክሊኒኩ የናንተ ሆኗል» አለች ዓይኗን ሳታነሣ።

የኪራይ ቤት ነዋሪዎች ዝርዝር ጋ ስትደርስ እጀታውን አቆመች። ቨርጂል በትከሻዋ በኩል ጎንበስ ብሎ በጣቷ የያዘችውን መስመር ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«ከርን፣ አይዴላ፤ ሴት፤ ሃያ አራት ዓመት፤ ያላገባች፤ ሥራ፦ የሕክምና ዶክተር።»