ብርድ ልብስ የለበሰችው አክስት

አከራይቷ ከፎቅ ብቅ ሲሉ፣ መምህሩና ሚስቱ በብርድ ልብስ የጠቀለሏትን ትንሽ ፍሪጅ ተሸክመው ደረጃው መሃል ደርሰው ነበር። የቤቱ ሕግ ግልጽ ነው፤ ፍሪጅ መብራት ይበላልና ያስገባ ተከራይ ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል። ከደመወዙ እየቆነጠረ የገዛት ናትና መምህሩ ግን ከፍርሃቱ ደስታው ይበልጥ ነበር።

«ምንድን ናት እሷ?» አሉ አከራይቷ።

«አክስቴ ናት፣ እትዬ! አሟት ነው» አለ፣ አፉ ላይ የመጣለትን። ሚስቱ ሳቋ እንዳያመልጣት ብርድ ልብሱን በጥርሷ ነከሰች።

«እኔን! ታዲያ ቀና አድርገህ ያዛት እንጂ፣ አንገቷ ይቀጫል!» እያሉ ወረዱና እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ሰደዱ። የአክስትየዋን ግንባር ዳበሱ፤ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ነው። እየዳበሱ ወደ ታች ሲሄዱ እጃቸው የፍሪጇን በር እጀታ ጨበጠና ቀጥ አለ።

«ትኩሳት እንኳ የላትም» አሉ ቀስ ብለው፤ ዞረውም ወደ ቤታቸው ገቡ። አለቀልን፣ ዛሬውኑ ሊያስወጡን ነው ብሎ መምህሩ ሲያስብ፣ በፌስታል የታሰረ ሥጋ አንጠልጥለው ተመለሱ።

«እንካ፣ ይቺን አክስትህ ሆድ ውስጥ አስቀምጥልኝ። አደራ፣ ከሶኬት እንዳትነቅሏት» አሉት ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው። «የእኔዋማ ከሞተች ሰነበተች።»