ሉሚኒጻ አምባሯን ያወለቀች ዕለት

ጎረቤቴ ሉሚኒጻ በአውሮፓ «ጂፕሲ» እየተባለ ለዘመናት ሲንገላታ ከኖረው የሮማ ሕዝብ ወገን ናት። ድሮ በከተማችን ሮማዎች «ሌቦች» እየተባሉ ከሱቅም ከትምህርት ቤትም ይባረሩ ነበር። አሁን በሕግ አምባር ያስራሉ፤ የሰደባቸውን ሰው አምባሩ ሰምቶ ያስቀጣል። ስድቡ ቆመ። እኛም ክፉ ቃል እንዳያመልጠን ፈርተን ሰላምታውን ጭምር ተውነው።

ልጇ ሰባት ዓመት የሞላት ቀን፣ ሉሚኒጻ ለእንግዶች አምስት ወንበር ደርድራ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። ሰሃኖቹን አንድ በአንድ ስታነሳ በመስኮት አየኋት። ወዲያው በሬን አንኳኳች።

«ልጅሽን ላኪልኝ» አለችኝ።

«የልጅ አፍ አይታመንም» አልኳት፣ አምባሩን እያየሁ።

ፈትታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ይህ ልጄን ትምህርት ቤት አስገብቶልኛል፤ ነገም አስረዋለሁ። ጓደኛ ግን አላመጣላትም። ልጅሽ ካጠፋች እንደ ልጄ እቆጣታለሁ።»

«እኔስ ካጠፋሁ?»

«ፊት ለፊት እነግርሻለሁ።»

ያለ አምባሩ ብሰድባት ማንም አይደርስላትም ነበር። ይህን እያወቀች ቀና ብላ መቆሟ አስደነቀኝ፤ በራሴም አፈርኩ። ልጄን ይዤ ተከተልኳት።

«ስምሽ ማን ነው?» አልኳት የሉሚኒጻን ልጅ።

«ሳፊራ!»

ሰባት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ተጋርተን ስሟን አላውቅም ነበር።