ካልተከፋፈለ የማይኖር

«ቆይ፣ አትቁረጪው» ትላለች እናትየዋ።

የቤተ ሙከራዋ ባለሙያ እጇን ባለበት ታቆማለች። የቀጭኗ መርፌ ጫፍ ሳህኑ ውስጥ ያለውን ሮዝማ ፈሳሽ ነክቷል። ከማይክሮስኮፑ ጎን ባለው ስክሪን ላይ የህዋሳቱ ክምር ጠፍጣፋ ደሴት መስሎ ይታያል፤ መሀሉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ዳሩ ጥርት ያለ።

እናትየዋ የመጣችው ለማየት ብቻ ነበር። ልጅ ፍለጋ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ስትንከራተት በቤተ ሙከራ ከተፀነሱላት ፅንሶች አንዱ ዛሬ ትምህርት ቤት የገባች፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ሆኗል። ሌላው በረዶ ውስጥ ቀርቶ ነበር። «ማህፀኔ ሌላ አይችልም፤ ከሚጣል ለምርምር ይዋል» ብላ ከባሏ ጋር ተስማምታ ሰጠችው። ባለሙያዋ ፅንሱ ገና ነጥብ እንኳ ሳያክል የውስጡን ህዋሳት አውጥታ አሳደገች። ከሌሎች ሰዎች የመጡት አልያዙላትም። ይሄ ያዘ።

«ለምን ይቆረጣል? ደህና አይደለም እንዴ?»

«ደህና ስለሆነ ነዋ፣ እህቴ። ዛሬ ካልከፋፈልኩት መሀሉ ይታፈናል። ዳር ያለው ደግሞ አንዱ ቆዳ፣ አንዱ ነርቭ ልሁን እያለ በየፊናው ይሄድብኛል። እኔ የምፈልገው ገና ምንም ያልሆነውን ነው። እሱ ሁሉንም መሆን ይችላል።»

እናትየዋ ጭንብሏን ታስተካክላለች። «ቁርጡን ንገሪኝ። ይሄ ልጄ ነው?»

ባለሙያዋ እንዲህ ሲጠየቁ ነገሩን የሚያድበሰብሱ ባልደረቦች አሏት። እሷ ግን ዓይኗን ከስክሪኑ ነቅላ ሴትዮዋን ታያለች።

«አይደለም። ልጅ የመሆን ነገሩ ህዋሳቱን ሳወጣ ቀርቷል። ያንን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ አልደብቅሽም። ይሄ ካንቺና ከባለቤትሽ የመጣ ህዋስ ነው። አያምመውም፣ አይሰማውም። ሕይወት ግን አለው።»

«እናቴ እኛን የአብራኬ ክፋዮች ትለን ነበር» ትላለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ።

ባለሙያዋ መርፌዋን ከፈሳሹ ከፍ ታደርጋለች። ልፋቷ ሁሉ በዚህች ሴት ቃል ላይ እንደተንጠለጠለ ባለሙያዋ ታውቃለች። ቢሆንም ትናገራለች። «ይብቃ ካልሽኝ ይበቃል። ውላችንም እንደዚያ ነው። ተከፋፍሎ ወደሌሎች ቤተ ሙከራዎች ከሄደ በኋላ ግን መመለሻ የለውም።»

«ዓይኑ ለጠፋ ሰው መድኃኒት ይወጣዋል ያላችሁትስ?»

«እየሞከርን ነው። አልምልልሽም። እጄን ግን እመኚው፤ አይስትም።»

«ጉረኛ ነሽ መሰለኝ።»

«ነኝ።»

ከጭንብሉ በላይ የሴትዮዋ ዓይኖች ይጠባሉ፤ ፈገግ ብላለች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ትስባለች።

«በይ ቁረጪው። እኔም ልይ።»

መርፌዋ ትወርዳለች። ደሴቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፤ እሱን የሚያቋርጥ ሌላ ይከተላል። ባለሙያዋ ትንፋሿን ይዛለች፤ እጇ ግን እንደ ልማዷ የረጋ ነው። አንዷ ቁራጭ ጠርዟን ታነሳለች፣ ትላቀቃለች፣ በፈሳሹ ውስጥ ቀስ እያለች ዞራ ከስክሪኑ ጠርዝ ትወጣለች።

እናትየዋ፣ የሄደችበትን ልታይ፣ አንገቷን ታዘነብላለች።