የእሁዱ ሳሎን

«እስቲ ቴሌቪዥኑን ክፈተውና ጥራቱን እንየው» አለ ታናሽ ወንድሙ በቪዲዮ ስልክ።

ታላቅየው ዞር ብሎ አየው... የግድግዳውን ግማሽ የያዘ ቴሌቪዥን።

«ዛሬ መብራት የለም» አለ።

«ታዲያ አናትህ ላይ የሚበራው ምንድነው?»

«እሱ... በባትሪ ነው።»

«ተወው እንግዲህ፣ አታድርቀው። ሥራ ውሎ ነው» አለች እናትየዋ ከታናሹ ጎን ሆና።

ቴሌቪዥኑ ካርቶን ነበር። የምሬን ነው... ፊቱ ላይ ስዕል የተለጠፈበት ባዶ ካርቶን።

ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ ከኋላ የሚታየው ሰፊ አልጋ... አንዱም የሱ አይደለም።

ሰውየው ውጭ አገር ፈርኒቸር መሸጫ ውስጥ ነው የሚሠራው። ዕቃ ይሸከማል፣ ቁም ሳጥን ይገጣጥማል። እሁድ አለቃው ምሳ ሲወጣ የሥራ ሸሚዙን ያወልቅና ለገዢ ማሳያ የተሰናዳው ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብሎ ለቤተሰቡ ይደውላል።

የሚያድረው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው... አልጋው ግን ሦስት ስለሆነ በፈረቃ ይተኛሉ። እሱ ሲነሳ ሌላው አንሶላው ሳይቀዘቅዝ ይገባበታል።

አውቃችኋለሁ፣ ገና ከአሁኑ «ውሸታም» ብላችሁ ልትጽፉ ጣታችሁን አሹላችኋል። ቆዩኝ እስቲ።

ይሄ ሰው አገሩ እያለ አናጢ ነበር... የተመሰገነ አናጢ። የጎረቤት ልጅ ከውጭ የላከውን ፎቶ አይቶ ነው መሣሪያውን ሸጦ የወጣው። እናቱ ገና በመጀመሪያው ስልክ «ቤትህን አሳየኝ» አለችው። ደም ግፊት ያለባትን ሴት ያንን የፈረቃ አልጋ ያሳያት?

«ለአንድ ቀን ብዬ ነበር» አለኝ ራሱ ሲያጫውተኝ።

አንዱ ቀን ሁለት ዓመት ሆነ።

ታናሹ ደግሞ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰፈሩ «ምላጩ» ይለዋል። የራሱ ሱቅ፣ ሁለት ወንበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ በር የሚሰለፍ ደንበኛ... ምን ጎደለው?

በየእሁዱ ያንን ሳሎን ማየት ነው የጎዳው። እያየ እያየ የራሱ ሱቅ አስጠላው።

አንድ እሁድ እንዲህ አለ...

«ሱቁን አስረክቤያለሁ፣ ወንበሮቹንም ሸጥኳቸው። ደላላ አግኝቻለሁ፣ ልመጣ ነው።»

ታላቅየው ክው አለ።

«አትምጣ ወንድሜ። እዚህ ያለው ኑሮ እንደምታስበው አይደለም።»

«እንዴ... የተቀመጥክበትን እያየሁት?»

«ስማኝ...»

«ገባኝ፣ ገባኝ። ለብቻህ ልትኖራት ነው። ወንድም እንዲህ ነው?»

ስደት ላይ ያላችሁ ይቺን ነገር ታውቋታላችሁ። «ና» ብትል ኃጢአት... «አትምጣ» ብትል ምቀኛ።

እዚያው እውነቱን ሊያፈርጠው አፉን ሲከፍት አለቃው ከምሳ ተመለሰ። ስልኩን ዘጋ።

ለሚቀጥለው እሁድ ወሰነ። ከሚያድርበት ክፍል ሊደውልና ካሜራውን አዙሮ ሁሉንም ሊያሳየው።

እስከዚያ ስድስት ቀን ነበረው። በማንኛውም ቀን ደውሎ መናገር ይችል ነበር... አፈረ።

እሁድ ከክፍሉ ሲደውል እናቱ ብቻዋን አነሳች።

«ሐሙስ ወጣ» አለችው። ካሜራውን ሳያዞረው ዘጋ።

አንድ ወር ስልክ የለም... ሦስት ወር የለም... ደላላው ቁጥሩን ቀየረ። አብረውት ከወጡት ሁለቱ ደርሰዋል። «መንገድ ላይ ታሞ ቀረ» ይላሉ፣ ሌላ ቃል አይወጣቸውም።

በአምስተኛው ወር ታላቅየው ከዚያ አልጋ ላይ ሆኖ ደወለና ካሜራውን አዞረው።

«እማዬ... ቤቴ ይሄ ነው። ያ ሳሎን የሰው ነው። ልጅሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

እናትየዋ አላለቀሰችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ሳሎኑ ያንተ እንዳልሆነ። ገና በሁለተኛው ወር ነው ያወቅሁት። እያወራኸኝ ሳለ ከኋላህ ባልና ሚስት መጡና አልጋው ላይ ተቀመጡ። ፍራሹን በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉት... ተነጋገሩ... ከዚያ ሄዱ። አንተ አላየሃቸውም። ወንድምህም ደንበኛ ጠርቶት ወጥቶ ነበር።»

ሰውየው ካሜራውን ወደ ራሱ መለሰው።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«እንዳታፍር ብዬ ነዋ ልጄ።»

«ለወንድሜስ? ለሱ ለምን አልነገርሽውም?»



«ታላቁን እንዳይንቅ ብዬ። ሐሙስ ጠዋት ቦርሳውን ይዞ በሩ ላይ ሲስመኝ አፌ ላይ ደርሶ ነበር... ዋጥኩት።»

ይሄን ሲነግረኝ እናትየዋን ልወቅስ ብል አንጀቴ እምቢ አለኝ።

ልጅ እናቱን ላለማሳዘን ዋሸ። እናት ልጇን ላለማሳፈር ዝም አለች። ሁለቱ ሲተዛዘኑ መሀል ላይ የነበረው ሄደ... እስከ ዛሬ አልደወለም።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ልክ ነው፣ ይጠራል። ለዚህ ቤት ግን ዘግይቶ ነው የጠራው።

ውጭ ያላችሁ... የምትተኙበትን ክፍል አሳዩ። ማፈር ያልፋል፣ ሰው ግን አይተካም። አገር ቤት ያላችሁም «አትምጣ» ያለ ሁሉ ምቀኛ አይደለም። አንዳንዱ መናገር ያልቻለው ነገር አለው። ከሁሉ በላይ ግን ይሉኝታን እንደ ፍቅር አንቁጠረው... ዝምታችን ሰው እየበላ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ... እናትየዋን ብትሆኑ፣ ያን ሐሙስ ጠዋት በሩ ላይ ምን ትሉት ነበር? የአንዱን ልጅ ክብር ታፈርሱ ነበር ወይስ እንደሷ ትውጡት ነበር?

የምራችሁን መልሱልኝ... እያንዳንዱን አነበዋለሁ።