የቀረው ትርጉም

የልብ አንጠልጣይ ፊልማችንን መክፈቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንዲት ልጅ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ በሩን ታንኳኳለች፣ ከውስጥ ማን እንደሚከፍትላት አይታወቅም። ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ባምባሲ ስሄድ፣ ፊልሙን አብረውኝ የሚሠሩት ጓደኞቼ ሔለንና ነብዩ እስክመለስ አንድም ነገር ላይቀርጹ ቃል ገብተውልኝ ነበር።

ዛሬ አሶሳ መናኸሪያ ወርጄ፣ ሻንጣዬን እንኳ ቤት ሳላደርስ በቀጥታ ወደ እነሱ ሄድኩ። ነብዩ ላፕቶፑን ከፈተ። «መክፈቻውን ጨረስነው!»

«ያለ እኔ?» ደሜ ፈላ።

«ምን ማለትሽ ነው ዐዋጢፍ?» ሔለን ሳቀች። «ቅዳሜ አንቺው አይደለሽ እንዴ የተወንሽው?»

ላፕቶፑ ላይ ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ በሰፈራችን የማንጎ ዛፎች ሥር ትሄዳለች። ሻሹ የእኔ ነው። ማንን አልብሰውት ይሆን እያልኩ ስበግን፣ በሩን ልታንኳኳ እጇን አነሳች። ሂና ተቀብታለች፤ አውራ ጣቷ ላይ ተዝረክርኳል። የእኔም እንደዚያው ነው። ቅዳሜ ባምባሲ፣ ሙሽራዋን ለማየት ስሮጥ ሳይደርቅ ያበላሸሁት።

በሩ የቤታችን በር ነው። እናቴ ከፈተች፣ ልጅቷን አቀፈቻት፣ ሔለንና ነብዩ በማያውቁት በበርታ ቋንቋችን አንድ ነገር አለቻት።

«እናትሽ ከራሳቸው የጨመሩት ነው፤ ግን ያምራል» አለ ነብዩ። «ከሥር እንድንጽፈው ተርጉሚልን።»

«ግቢ ልጄ» አልኳቸው።

የቀረውን አልተረጎምኩም። እናቴ ቀጥላ ያለቻት፣ «ያቺ ከባምባሲ ስትመለስ በሩን አንከፍትላትም» ነው።